አዝ-ዘህራዊ፦ ያልቻለውን ጭምር የጻፈው ሐኪም



ባለፈው ዓመት ከማኅበረሰባችን አንድ ቤተሰብ ወንድ ልጅ ወለደ። ገንፎው ተበላ፣ ዓቂቃው ታረደ፣ ዱዓው ተደረገ፤ ሁላችንም ተደሰትን። ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ግን የሕፃኑ ጭንቅላት ከቀረው ሰውነቱ በበለጠ ፍጥነት ማደግ ጀመረ። እርግብግቢቱ አበጠ፣ ዓይኖቹ ወደ ታች አዘቀዘቁ። ሐኪሞቹ በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ መሆኑን ነገሯቸው። ሕመሙ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል።

እናትየዋን ከሕመሙ እኩል ያደከማት ግን የሰው ወሬ ነበር። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ጅን ነው አለ። እርጉዝ ሳለች ምን ብትበላ ነው፣ ምን ብትሠራ ነው እያሉ የሚጠይቁም አልጠፉም። በመጨረሻ ሰው ላለማየት ስትል መስጂድ መምጣት አቆመች።

እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቤተሰቡ ወረቀቶቹን እንዳነብላቸው ስለጠየቁኝ ነው ስለ ሕመሙ ማንበብ የጀመርኩት። ስለ ሕመሙ ታሪክ በሚናገሩ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ስም አገኘሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፣ የቀዶ ጥገና አባት የሚል የተጻፈበት ባለ ጥምጣሙ ሰው ነው። ከእናንተ አንዱ ፖስተሩን አይቶ፣ እሱ ከሺህ ዓመት በፊት ታላቅ ሐኪም ቢሆን ለኛ ምን ይጠቅመናል ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ያኔ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

ከዘህራእ የመጣው ሰው

ሙሉ ስሙ አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብኑል ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ነው። አል-አንሷሪ ተብሎም ይጠራል፤ ይህም የዘር ሐረጉ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከተቀበሉት የመዲና አንሷሮች እንደሚመዘዝ ያመለክታል። ቤተሰቡ ከዐረቢያ ርቆ በአንደሉስ፣ ማለትም በዛሬዋ ስፔን የሚኖር ነበር። እንደ እናንተው አባቶቹ ከመጡበት ምድር በራቀ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በዚያው ዓመት ኸሊፋው ሣልሳዊ ዐብዱረሕማን ከቁርጡባ (ኮርዶባ) በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ከተራራ ግርጌ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመረ። ስሟም መዲነቱ ዘህራእ ተባለ። ቤተ መንግሥቱ፣ መስጂዱና የአትክልት ስፍራው በሦስት እርከን ተደርድረው የተሠሩ ነበሩ። አዝ-ዘህራዊ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚህች ከተማ ነው። በኸሊፋው ልጅ በዳግማዊ አል-ሐከም ዘመን የቤተ መንግሥት ሐኪም እንደነበረ ይነገራል። አል-ሐከም መጽሐፍ የሚወድና ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ያደራጀ መሪ ነበር።

ስለ ግል ሕይወቱ የተረፈልን ጥቂት ነው። ከእሱ በኋላ የኖረው ታላቁ ዓሊም ኢብኑ ሐዝም ከአንደሉስ ምርጥ ሐኪሞች መካከል ስሙን ጠቅሶታል። የታሪክ ጸሐፊው አል-ሑመይዲም ከሞቱ በኋላ ብዙ አሥርተ ዓመታት ቆይቶ በአጭሩ ጽፎለታል። ሰውየውን በደንብ የምናውቀው ግን በራሱ መጽሐፍ ነው።

ሠላሳው ክፍል

መጽሐፉ በአጭሩ አት-ተስሪፍ ይባላል። ወደ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋ የሥራ ልምዱን ያጠራቀመበት ሲሆን የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ነው። ሠላሳ ክፍሎች አሉት። ስለ በሽታዎች ምልክት፣ ስለ መድኃኒት ቅመማ፣ ስለ ምግብ ይናገራል። በአንድ መንደር ያሉ ወንዶች ትንሽ ሲቆስሉ ደማቸው አልቆም ብሎ እንደሚሞቱ የጻፈውም እዚሁ ነው፤ ዛሬ ሂሞፊሊያ የምንለው ከቤተሰብ የሚወረስ ሕመም መሆኑ ነው። መጽሐፉን የጻፈው ለተማሪዎቹ ነው። ተማሪዎቹንም የሚጠራቸው ልጆቼ እያለ ነበር።

የመጨረሻው ሠላሳኛው ክፍል ስለ ቀዶ ጥገና ነው። ይህ ክፍል ራሱ በሦስት ይከፈላል፦ በጋለ ብረት መተኮስ፣ መቅደድና መስፋት፣ የተሰበረና የወለቀ አጥንት መጠገን። ተኩስን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። በዚያ ዘመን ደም ለማቆምም ሆነ ቁስል ለማድረቅ ዋናው ዘዴ እሱ ነበር።

ይህን ክፍል የሚጀምረው በሐዘን ነው። በአገሩ የቀዶ ጥገና ዕውቀት ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ምክንያቱን ሲናገርም፣ ቢላዋ የሚያነሱ ሰዎች የሰውን አካል አሠራር ሳይማሩ ወደ ሥራ እንደሚገቡ ይገልጻል። በዓይኑ ያየውንም ይተርካል። አንድ ያልተማረ ሐኪም በአንዲት ሴት አንገት ላይ ያለውን እብጠት ሲቀድ የደም ሥር ቆረጠ፤ ሴትየዋ እዚያው ፊቱ ደሟ ፈስሶ ሞተች። ሌላው ደግሞ ትልቅ የፊኛ ጠጠር አወጣለሁ ብሎ ከፊኛው ቁራጭ ሥጋ ጋር አወጣው፤ በሽተኛው በሦስተኛው ቀን ገደማ ሞተ። አዝ-ዘህራዊ ለዚህኛው በሽተኛ ተጠርቶ ነበር። ሁኔታውን አይቶ እንደማይተርፍ ስለገባው እጁን አላስገባም።

በኢስላም ሕግ ሕክምናን ሳያውቅ አክማለሁ ብሎ ሰው የጎዳ ሰው ተጠያቂ ነው። አዝ-ዘህራዊም ተማሪዎቹን ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው በዚህ መንፈስ ነው። አደገኛ ሥራ ለገንዘብ ወይም ለዝና ብለው እንዳይደፍሩ፣ ትዕግሥትና እርጋታን እንዲይዙ ይመክራቸዋል።

መሣሪያዎቹ

እንደ መሐንዲስ ከሁሉም በላይ የያዘኝ ሥዕሎቹ ናቸው። በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆኑ የሕክምና መሣሪያዎች ተሥለዋል። መተኮሻዎች፣ መቀሶች፣ መቆንጠጫዎች፣ የጥርስ መንቀያዎች፣ መጋዞች፣ መርፌዎች አሉበት። ማንኛውም ብረት ሠራተኛ ሥዕሉን አይቶ እንዲሠራው፣ ብዙዎቹ ከምን እንደሚሠሩና ጫፋቸው ምን እንደሚመስል ተገልጿል።

ከእነሱ አንዱ የተደበቀ ቢላዋ ነው። የሚፈራ ሰው እብጠቱ ሲፈነዳለት ስለቱን እንዳያይ ታስቦ የተሠራ ነው። ሰው ማከም ማለት ፍርሃቱንም ማከም እንደሆነ የገባው ሰው ያሰበው መሣሪያ ነው። ከእንስሳት አንጀት በሚሠራ ክር የውስጥ ቁስል ስለ መስፋትም ጽፏል። ሴት በሽተኛ የፊኛ ጠጠር ቀዶ ጥገና ሲያስፈልጋት፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት ሐኪም እንድትፈለግ፣ ካልተገኘችም ጨዋ ሐኪም ከአዋላጅ ጋር ሆኖ እንዲሠራ አሳስቧል። ለክብሯም ለሕይወቷም ነው የተጨነቀው።

የሕፃናት ጭንቅላት ውሃ

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስ። በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ፣ ስለ መቅደድና መስፋት የሚናገረው ሁለተኛው ንዑስ ክፍል የሚጀምረው በሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ስለሚጠራቀም ውሃ ነው። የሰው አካል ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ የመጀመሪያው ምዕራፍ እሱ ሆነ።

የሚነግረን ይህን ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አዋላጅዋ ስታዋልድ የሕፃኑን ጭንቅላት በኃይል ስትጫን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከማይታወቅ ስውር ምክንያት ይመጣል። ከሕፃናት በቀር በሌላ ሰው ላይ አላየውም። ያያቸው ሕፃናት ሁሉ ፈጥነው ሞቱ። በዚህ ምክንያት ቀዶ ጥገናውን መተው መረጠ።

ስለ አንድ ሕፃንም ይተርካል። የዚያ ሕፃን ጭንቅላት በውሃ ተሞልቶ በየቀኑ እያደገ ሄደ። በመጨረሻም ከጭንቅላቱ ክብደት የተነሳ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አቃተው፤ ፈሳሹም እየጨመረ ሄዶ ሞተ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህ ሰው የዘመኑ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነው። መጽሐፉን በድል ታሪክ ብቻ ሊሞላው ይችል ነበር። እሱ ግን ልጆቼ ለሚላቸው ተማሪዎች ያየኋቸው ሁሉ ሞተውብኛል፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ ብሎ ጻፈላቸው። ሽንፈቱን አልደበቀም። በእናቲቱ ኃጢአትም አላሳበበም። አዋላጅዋን የወቀሰው በከፊል ነው፤ ከዚያም ምክንያቱ የተሰወረበት እንዳለ አመነ።

በዚህ አላቆመም። ሌላ ሰው ሊያክም ቢገደድ እንዲጠቀምበት ሕመሙን ለያይቶ አስቀመጠው። ፈሳሹ በቆዳና በአጥንት መካከል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአጥንት በታች ሊሆን ይችላል። ከአጥንት በታች ከሆነ ምልክቱ የራስ ቅሉ መገጣጠሚያዎች በየአቅጣጫው ተከፍተው መታየታቸውና በእጅ ሲጫኑት ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ከዚያም በየትኛው ሁኔታ ምን ዓይነት ቅድ እንደሚቀደድ፣ ቁስሉ እንዴት እንደሚታሰር ይገልጻል።

ይህ ምልክት ዛሬም ይሠራል። የአራስ ሕፃን የራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። በመገጣጠሚያዎች የተያያዙ ሳህኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ቦታ እርግብግቢት ነው። መሐንዲሶች በድልድይ ላይ ብረቱ ሲሞቅ እንዲለጠጥ ክፍተት እንደምንተወው፣ አላህ (ሱ.ወ) አንጎል የሚያድግበትን ቦታ አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል። በአንጎል ውስጥ ዘወትር ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው በቀን ወደ ግማሽ ሊትር ይጠጋል። በጠባብ መተላለፊያዎች አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። መተላለፊያው ጠቦ ከተፈጠረ፣ ወይም ኢንፌክሽንና የደም መፍሰስ ከዘጋው፣ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ መገጣጠሚያዎቹም ይከፈታሉ። ተቃራኒው የአፈጣጠር ችግርም አለ። መገጣጠሚያው ያለ ጊዜው ተዘግቶ የራስ ቅሉን ቅርጽ ያዛባዋል፤ ይህም ክራኒዮሲኖስቶሲስ ይባላል፤ በግምት ከሁለት ሺህ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል።

አዝ-ዘህራዊ የአንጎል ፈሳሽ ዑደትን አያውቅም ነበር። በወሊድ ጊዜ በቆዳና በአጥንት አካባቢ የሚፈጠረውን እብጠትና ከአጥንት በታች ያለውን ውሃ በአንድ ስም ሥር አስቀምጧቸዋል። ነገር ግን ያየውን በትክክል ስለጻፈ፣ ዛሬ የሚያነበው ሐኪም የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ያውቀዋል።

ከተማዋ ፈረሰች፣ መጽሐፉ ቀረ

በዕድሜው መጨረሻ አንደሉስ በእርስ በርስ ጦርነት ታመሰች። እ.ኤ.አ. በ1010 መዲነቱ ዘህራእ ተዘረፈች፣ ፈረሰችም። ሦስት እርከን የነበራት ከተማ ሰማንያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ዛሬ ፍርስራሿ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዝ-ዘህራዊ እ.ኤ.አ. በ1013 ገደማ እንደሞተ ይነገራል፤ በዓመተ ሂጅራ 404 አካባቢ መሆኑ ነው። አላህ ይዘንለት።

መጽሐፉ ግን ድንበር ተሻገረ። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ከተማ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ወደ ላቲን ተረጎመው። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሐኪሞች ተማሩበት፤ አልቡካሲስ እያሉም ጠሩት። የፈረንሳዩ ጊ ዴ ሾሊያክ በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ ደጋግሞ ጠቅሶታል። እ.ኤ.አ. በ1465 ደግሞ በአናቶሊያዋ አማሲያ ከተማ ሸረፈዲን ሳቡንጁኦሉ የተባለ ሐኪም ይህንኑ መሠረት አድርጎ በቱርክኛ አዘጋጀው። እሱ የጨመረው ነገር ሥዕል ነው፤ ሐኪሙንና በሽተኛውን በሥራ ላይ እያሉ በቀለም ሣላቸው። የሕፃናቱ ጭንቅላት ውሃም በመጽሐፉ ውስጥ አለ።

እሱ የተወው ሥራ

አዝ-ዘህራዊ እጁን ከሰበሰበ በኋላ ይህ ሕመም ለዘጠኝ መቶ ዓመታት ያህል የረባ መድኃኒት አልተገኘለትም። በሩ ሲከፈት ከከፋቾቹ አንዱ ጆን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደው ልጁ ሃይድሮሴፋለስ ነበረበት። በዘመኑ የነበሩት ቱቦዎች ይደፈኑ ነበር፤ ፈሳሹም ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ሆልተር ፈሳሽን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ከሲሊኮን ሠራ። በ1956 በሕፃን ላይ ተሞከረ። የገዛ ልጁ ብዙ ዓመት አልኖረም፤ ነገር ግን ቫልቩ የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት አተረፈ።

ቱቦው ግን ሊዘጋ ይችላል፤ ሲዘጋም በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። ከሩቅ ገጠር ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኡጋንዳዋ ምባሌ ከተማ ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለ ቀዶ ሐኪም ሌላ መንገድ ያዘ። በቀጭን ካሜራ ገብቶ ለፈሳሹ አዲስ መተላለፊያ ይከፍታል፤ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋም ይተኩሰዋል። አዎ፣ ይተኩሰዋል። ይህን አዝ-ዘህራዊ ፈጠረው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አላሰበም። እሱ የሠራው የድርሻውን ነው። የደረሰበትን ወሰን በግልጽ አስምሮ ለሚመጣው ሰው ተወለት።

በአገራችንም ችግሩ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ከአከርካሪ አጥንት ክፍተት ጋር የሚወለዱ ሕፃናት በርካታ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ይህ ክፍተት የሚፈጠረው ጽንሱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ነው፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ እስከ መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ከእናንተ መካከል ለኒካሕ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ ይህን አሁኑኑ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሁሉንም ችግር ግን አይከላከልም፤ ስለዚህ ይህን መረጃ ማንንም እናት ለመውቀስ አትጠቀሙበት።

ለጠየቀኝ ወንድሜ

ያ ወንድሜ፣ ለኛ ምን ይጠቅመናል ብለህ ነበር። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰው የሚጠቅመን ሙስሊሞች ቀድመን ነበር ብለን በክፍል ጓደኞቻችን ላይ እንድንኮራበት አይደለም። ከእሱ በፊትም የግሪክ ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም ጽፈዋል፤ እሱም ከእነሱ ተምሯል። የሚጠቅመን ሐቀኝነቱ ነው። እኔ በሥራዬ ስሌቴ ሲሳሳት ለአለቃዬ መናገር እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። እሱ የሞቱበትን ሕፃናት ለትውልድ ጻፋቸው። የማያውቀውን ምክንያት ስውር ነው ብሎ አለፈው እንጂ በወሬ አልሞላውም።

እኛ ግን ባለፈው ዓመት በዚያች እናት ላይ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው። የማናውቀውን ምክንያት በወሬ ሞላነው። የሰው ዓይን መኖሩን እናምናለን፤ ሩቅያም እናደርጋለን። ይህ ግን በእናት ላይ ጣት ለመቀሰር ፈቃድ አይሰጠንም፤ ሕፃኑን ወደ ሐኪም ከመውሰድም አያግደንም።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕፃኑ ቱቦው ገብቶለታል። ክትትሉ ገና ብዙ ነው፤ ምናልባትም ዕድሜውን ሙሉ ይቀጥላል። ባለፈው ጁምዓ ቤታቸው ስሄድ ምንጣፉ ላይ ያለ ድጋፍ ተቀምጦ አየሁት። የአዝ-ዘህራዊ ሕፃን መቀመጥ ያቃተው ነበር። እናቱ ግን እስካሁን ወደ መስጂድ አልተመለሰችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አብረን እንድንሄድ እፈልጋለሁ። ስንገባ የምናወራው ስለ ሕመሙ አይሁን። ሰላም እንበላት፣ ልጁን እናጫውትላት፣ ናፍቀሽናል እንበላት።

አላህ ለታመሙ ሕፃናት ሁሉ ሺፋውን፣ ለወላጆቻቸው ሰብሩን ይስጥ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።